ውሻው ሲፈታ፦ በትንሽ ከተማ ዳር ወዳለ የውሻ ፓርክ ከልጆች ጋር መሄድ

ውሾች ከማሰሪያቸው ተፈትተው የሚሮጡበት ፓርክ የተሠራው ለውሾች ነው፤ ልጆች እዚያ እንግዶች ናቸው። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ የሚወሰነው ነገር ምን እንደምትይዙ ሳይሆን ማን ማንን እንደሚጠብቅ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ውሻውን፣ ሌላ ትልቅ ሰው ልጆቹን ይጠብቃል። አንድ ሰው ሁለቱንም ልጠብቅ ካለ፣ ልጁ ወድቆ ሲያለቅስ ዓይኑ ከውሻው ላይ ይነሳል፤ ውሻው ሲጣላ ደግሞ ልጁን ትቶ ይሮጣል። ለጉዳት እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ። ሁለተኛ ትልቅ ሰው ካልተገኘ ያን ቀን ወይ ውሻውን ብቻ ውሰዱ፣ ወይ ልጁን ሌላ ቦታ አጫውቱ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ውሻውን ቤት ተዉት

በትንሽ ከተማ ዳር ያሉ የውሻ መስኮች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ዙሪያውን በሽቦ ታጥሮ ድርብ በር፣ ማለትም አንዱ ከሌላው በኋላ የሚከፈት ሁለት በር፣ አለው። ሌላው በሦስት በኩል ታጥሮ በአራተኛው በኩል ወንዝ ወይም ጫካ ያዋስነዋል። ሌላው ደግሞ ምንም አጥር የለውም፤ ውሻ መፍታት እንደሚፈቀድ የሚናገር ሰሌዳ ብቻ ቆሞበታል። ካርታ ላይ ግን ሦስቱም «የውሻ ፓርክ» ተብለው ይታያሉ። ስለዚህ አንዳችሁ ያለ ውሻና ያለ ልጅ ሄዳችሁ ዙሩት፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

አጥሩን ከሥሩ ጀምራችሁ እዩ። ትንሽ ውሻ ጭንቅላቱ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱም ያልፋል፤ በሽቦውና በመሬቱ መካከል ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ይበቃዋል። ዝናብ ያጠበው አፈር፣ ሌላ ውሻ የቆፈረው ጉድጓድ፣ ቁጥቋጦ የሸፈነው የተቀደደ ሽቦ ካለ አስታውሱት። ከፍታው ከ1.2 ሜትር ያነሰ ከሆነ የሚዘል ውሻ ያለው ሰው አይመካበት። በሩን ከፍታችሁ ልቀቁት፤ በራሱ ተመልሶ ይዘጋል? መቀርቀሪያው ይይዛል? ትንሽ ልጅ በአንድ እጁ ሊከፍተው ይችላል? ሊከፍተው ከቻለ ልጆቹን የሚጠብቀው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ቀጥሎ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ተመልከቱ፤ የገጠር ዳርቻ መስክ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። አጠገቡ ከብት ወይም በግ የሚሰማራ ከሆነ የእናንተ ውሻ ምንም ገር ቢሆን የሚሮጥ በግ ሲያይ ይከተላል፤ በደም ውስጥ ያለ ነገር ነው። የተባረረች እርጉዝ በግ ሳትነከስም ልትጨነግፍ ትችላለች። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ባለከብቱ ከብቱን የሚያባርር ውሻ በጥይት መምታት በሕግ ይፈቀድለታል። አጥር የሌለው መስክ ከከብት ጋር ከተዋሰነ ውሻውን በ10 ሜትር ገመድ ይዛችሁ አራምዱት እንጂ አትፍቱት።

ኩሬ ካለ ውኃውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በላዩ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ወይም ዳርዳሩን አረንጓዴ አረፋ የያዘ የረጋ ውኃ መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የጠጣ ወይም ዋኝቶ ፀጉሩን የላሰ ውሻ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለልጆችም መንከሪያ አይደለም።

ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጻፉ፦ የሚጠጣ ውኃ አለ ወይስ የለም፣ ጥላው በስንት ሰዓት የት ይወድቃል፣ ስልክ ይሠራል ወይ፣ በእረፍት ቀን የሚከፍተው የቅርቡ የእንስሳት ሐኪም በመኪና ስንት ደቂቃ ይርቃል። የመግቢያውን ሰሌዳም አንብቡ። ብዙ ፓርኮች የልጆች ዕድሜ ገደብ፣ አንድ ሰው ይዞ የሚገባው የውሻ ብዛት፣ የትናንሽ ውሾች የተለየ ክፍል አላቸው።

የትንሽ ከተማ ፓርክ አንድ ሌላ ጠባይ አለው፦ ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ከእነዚያው ውሾች ጋር በዚያው ሰዓት ይመጣሉ። ውሾቹ እርስ በርስ የተላመዱ በመሆናቸው አዲስ መጪ ሲያዩ ተሰብስበው ይከቡታል። የሥራ ቀን ረፋድ ሰው የሚያንስበት ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ እንዲሁም ሰው ከሥራ ሲወጣ ይጨናነቃል። ነባሮቹን ሰላም በሏቸው፤ የትኛው ውሻ ልጅ እንደማይወድ፣ የትኛው ኳስ እንደማያስነካ ከሰሌዳው ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ውሻው ለመፈታት ደርሷል?

ቡችላ የመጀመሪያዎቹን ተከታታይ ክትባቶች በአብዛኛው የሚጨርሰው ወደ 16 ሳምንት ዕድሜው ገደማ ነው። ከዚያም ክትባቱ እስኪይዝ አንድ ሁለት ሳምንት ይጨመራል። ከዚያ በፊት ፓርክ አይግባ፤ ቡችላን በከባድ ተቅማጥና ትውከት የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። የእብድ ውሻ በሽታና የዲስተምፐር (ሌላ ከባድ የውሻ ቫይረስ በሽታ) ክትባቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አረጋግጡ። በእንስሳት ሽንት ስለሚተላለፈው የሌፕቶስፓይሮሲስ በሽታና ከውሻ ወደ ውሻ ስለሚተላለፈው ሳል ክትባት፣ እንዲሁም ስለ ሆድ ትል፣ ቁንጫና መዥገር መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቁ። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻ ወደ ፓርክ አትሄድም። የሚያስል፣ የሚያስቀምጠው ወይም የሚያነክስ ውሻም እንዲሁ።

ጤናው ከተሟላ ቀጥሎ የሚፈለገው ሲጠራ መምጣቱ ነው። አንድ ቃል ምረጡ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ ቃል ይጠቀም። ልጁ «ና» ሲል እናቱ «ወዲህ» ካለች ውሻው ሁለቱንም አያጠናም። በቤት ውስጥ ከሦስት ሜትር ጀምሩ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩት፣ ሲመጣ የአንገት ቀበቶውን ያዙ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ሥጋ ስጡት፣ ልቀቁት። ከ10 ጥሪ 9ኙን ከመጣ ወደ ግቢ ውጡ፤ ከዚያ በ10 ሜትር ገመድ ወደ ሜዳ፤ ከዚያ ሌላ ውሻ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ። አንዱ ደረጃ ላይ ውጤቱ ከወረደ ወደ ኋላ ተመለሱ። ካልመጣ ቃሉን አትደጋግሙ፤ አሥር ጊዜ የተጠራ ቃል ለውሻው የነፋስ ድምፅ ይሆናል። ሄዳችሁ ገመዱን ያዙና ርቀቱን አሳጥሩ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ውሻውን የሚጠራው ወደ ቤት ለመሄድ ብቻ በመሆኑ ነው። ውሻው በሁለተኛው ቀን «ጥሪ ማለት የጨዋታ ማብቂያ ነው» ብሎ ይደመድማል፣ በሦስተኛው ቀን ሜዳው መሃል ቆሞ ያያችኋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየአምስት ደቂቃው ጥሩት፣ ቀበቶውን ያዙ፣ አመስግኑት፣ ወዲያው ልቀቁት።

ቦርሳው

ውኃውን ከቤት ያዙ። አንድ ውሻ በቀን የሚጠጣው በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሲሮጥና ሲሞቅ ይጨምራል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ለሁለት ሰዓት ጉዞ አንድ ሊትር ያዙ፤ የልጆቹ መጠጫ ለብቻው ነው፣ ለቁስል ማጠቢያ ደግሞ ሌላ ሁለት ሊትር መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ሳህኑም የራሱ ይሁን፤ በፓርኩ የጋራ ሳህን ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስና ሳል ይተላለፋሉ። ከዚህ ሌላ፦ ቢያንስ ሦስት የእዳሪ መሰብሰቢያ ከረጢት፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ ወረንጦ፣ አሮጌ ፎጣ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሆነ ተራ ማሰሪያ። እየተሳበ የሚረዝመውን ተጠቅላይ ገመድ ለዚህ ቦታ አንመክርም። ቀጭኑ ገመድ በልጅ እግር ላይ ከተጠመጠመ ቆዳ ይልጣል፤ በር ላይም ውሻውን በአጭር መያዝ አያስችልም።

ውሻው አንገት ላይ የሚቀረው ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ለስላሳ ቀበቶ ብቻ ነው። የሚያንቅ ሰንሰለትና ባለ ሾህ ቀበቶ ይውለቁ፤ ሲጫወቱ የሌላው ውሻ መንጋጋ ይገባበትና ሁለቱም ይደነግጣሉ፣ ከዚያ የሚመጣው ጠብ ከባድ ነው።

የልጆች ምግብ ወደ መስኩ አይግባ። ብስኩት በእጁ የያዘ ልጅ ፊቱ በውሻ አፍ ቁመት ላይ ነው። በዚያ ላይ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ እንዲሁም ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ለውሻ መርዝ ናቸው። ውሻውም ቢሆን ከመሄዱ ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት በልቶ ይጨርስ፤ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ የሚጠመዘዝበት አደገኛ ሕመም አለ፣ ጠግቦ መሮጥን ከእሱ ማራቅ ይሻላል።

በሩ

ጥንቃቄ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚህ ነው። ነባሮቹ ውሾች አዲስ መጪ ሲሸታቸው ወደ በሩ ይሮጣሉ፣ አፍንጫቸውን በሽቦው መካከል ያስገባሉ። የእናንተ ውሻ በዚያ ሰዓት ታስሮ ከገባ መሸሽ አይችልም። ገመዱ ሲወጠር አንገቱ ቀና ይላል፣ ደረቱ ወደ ፊት ይገፋል፣ የፊት እግሮቹ ከመሬት ሊነሱ ይደርሳሉ። እሱ የተጨነቀ ሆኖ ሳለ ለሌሎቹ ጠብ የሚፈልግ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በተፈቱ ውሾች መካከል ታስሮ የሚገባ ውሻ አይኑር።

መጀመሪያ በአጥሩ ውጭ አምስት ደቂቃ አራምዱት፤ በሽቦው በኩል ይተያዩ፣ ይሸታተቱ። በሩ ላይ ያሉት ውሾች ሲበተኑ በውጭኛው በር ግቡ። ዝጉት፤ መቀርቀሪያው ጠቅ ማለቱን በእጃችሁ አረጋግጡ። በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ማሰሪያውንና የደረት ማሰሪያውን ፍቱ። አሁን የውስጡን በር ክፈቱና ውሻው ይግባ፤ እናንተም ተከትላችሁ ዝጉ። እዚያው ቆማችሁ አታውሩ፤ ወደ መስኩ ውስጥ በፍጥነት ተራመዱ። ሰው ሲንቀሳቀስ ውሻ ይከተላል፣ የከበቡትም ይበተናሉ።

ልጆቹ ከውሻው ጋር በአንድ ላይ በድርብ በሩ አይገቡም። ሁለተኛው ሰው ይዟቸው ውጭ ይጠብቃል፤ ውሻው ሮጦ የመጀመሪያ ጉጉቱ ሲበርድ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ለመግባት ዕድሜያቸው የደረሱት ይገባሉ። ድርብ በር በሌለበት ፓርክ ይህ ቅደም ተከተል ግዴታ ይሆናል ማለት ነው።

ልጆች በመስኩ ውስጥ

የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይመልከት፣ የሕፃን ጋሪም ውጭ ይቁም። ይህ የፍቅር ጉዳይ አይደለም፤ የክብደት ጉዳይ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ 30 ኪሎ ውሻ ወደ ኋላው እያየ ሲሮጥ ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም፣ ትልቅ ሰውን እንኳ ጉልበቱን መትቶ ይጥላል። ስለዚህ ትልልቆቹም ቢሆኑ በመስኩ መሃል ሳይሆን ዳር ይቁሙ፣ ጉልበታቸውን ላላ ያድርጉ፣ ውሾች ወደ እነሱ ሲመጡ አይሩጡ።

ቤት ውስጥ እየተጫወታችሁ ሁለት አቋም አለማምዷቸው። አንደኛው «ዛፍ» ነው፦ የማያውቁት ውሻ ሲቀርብ ዝም ብሎ መቆም፣ እጅን አጣምሮ ደረት ላይ ማድረግ፣ የራስን ጫማ ማየት። ውሻው የማይንቀሳቀስ ነገር ይሰለቸዋል። ሁለተኛው «ድንጋይ» ነው፦ ከወደቁ ተጠቅልሎ በጉልበት መንበርከክ፣ እጅን ከአንገት ጀርባ ማጣመር፣ በክንድ ጆሮን መሸፈን፣ አለመጮህ። በምሳሌ የሚነገር ሳይሆን በተግባር የሚደረግ ይሁን፤ አሥር ጊዜ ካደረጉት በድንጋጤ ጊዜ ሰውነታቸው ያስታውሰዋል።

የሰው ውሻ ከመንካታቸው በፊት ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ውሻውም ራሱ ይቅረብ። የሚነካው ደረት ወይም ትከሻ እንጂ የራስ ቅል አይደለም። ማቀፍ፣ ፊት ለፊት መጎንበስ፣ ዓይን ለዓይን ማፍጠጥ ለውሻ ማስፈራሪያ ነው፤ ፊታቸው የሚነከስ ልጆች ብዙ ጊዜ እያቀፉ ነበሩ። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለውንም አባባል ለልጆች አስተካክሉላቸው። የሚጮህም ይናከሳል፤ ጮኾ ጮኾ በድንገት ዝም ያለውና ሰውነቱን ያደረቀው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

ጨዋታ ነው ወይስ ጠብ?

ውሻውን የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ኪሱ ይክተትና ሰውነታቸውን ያንብብ። ጨዋታ ልል ነው። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ መቀመጫውን ወደ ላይ ያነሳል፣ አፉ ክፍት ነው፣ እየተቀያየሩ ይባረራሉ፤ አሁን ያባረረው ቀጥሎ ይባረራል። መካከል መካከል ቆም ብለው ሰውነታቸውን ያራግፋሉ። ማጉረምረም ብቻውን አያስደንግጣችሁ።

አንዱ ሁልጊዜ አባራሪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተባራሪ ከሆነ ግን ጨዋታው አልቋል። ተባራሪው ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ያስገባል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ሳይበላ ከንፈሩን ይልሳል፣ ወደ እናንተ እግር ወይም ወደ በሩ ይመጣል። «ይለምደዋል» አይባልም፤ ጥሩትና አውጡት። የጠብ ምልክት ጸጥታና ድርቀት ነው፦ አፍ ይዘጋል፣ ጅራት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የጀርባ ፀጉር ይነሳል፣ ዓይን አይነቀልም። ሁለት ውሾች እንዲህ ሆነው ሦስት ሰከንድ ከቆሙ በመካከላቸው ሳትገቡ ከሩቅ በደስታ ድምፅ ጥሩና ሂዱ። ሁለቱም ባለቤቶች በተለያየ አቅጣጫ ሲራመዱ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከተናከሱ የአንገት ቀበቶ ለመያዝ እጃችሁን አትስደዱ፤ ሰው የሚነከሰው እንዲህ ሲያደርግ ነው። በመጀመሪያ ልጆቹን የያዘው ሰው በበሩ ያውጣቸው። ከዚያ በላያቸው ውኃ ድፉ፣ ጃኬት ወይም ፎጣ ጣሉባቸው፣ ብረት አንኳኩ። ካልተላቀቁ ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ውሻ ከኋላ እግሮቹ የላይኛው ክፍል ይዘው እንደ እጅ ጋሪ ወደ ኋላ ይጎትቱ፤ ዞሮ እንዳይነክስም ጠመዝመዝ እያሉ ይሂዱ። ጥርሱ ሥጋ ይዞ ካልለቀቀ አትጎትቱ፣ ይቀደዳል። በኋላ ፀጉሩን ገልጣችሁ ቆዳውን እዩ፤ የውሻ ጥርስ ቀዳዳ ከላይ ትንሽ፣ ከውስጥ ጥልቅ ነው፣ ደም ባይኖርም ሐኪም ይየው።

ሰው ከተነከሰ ወይም የተላጠ ቆዳው በውሻ ከተላሰ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጊዜ ይህ ነው፤ ሁለቱ ሊትር ለመጀመር ነው፣ የቀረውን ቧንቧ ስታገኙ ቀጥሉ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የውሻውን ባለቤት ስልክና የክትባት ማስረጃ ሳትይዙ አትለያዩ፤ ውሻውም ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት አያስመልጥም ማለት ይቻላል፣ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ይከላከለዋል። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማደር አይገባም።

ሙቀትና መውጫ

በሞቃት ቀን የእጃችሁን ጀርባ ለሰባት ሰከንድ አስፋልቱ ላይ አድርጉ፤ እናንተ ካልቻላችሁት የውሻው መዳፍም አይችለውም። ድዱ ደማቅ ቀይ የሆነ፣ ለሃጩ የተዝረከረከ፣ የሚንገዳገድ ውሻ ሙቀት መትቶታል፦ ወደ ጥላ፣ መላ ሰውነቱ ላይ ውኃ፣ ነፋስ፣ ወዲያው ሐኪም። አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ቀድመው ይጎዳሉ። በቆመ መኪና ውስጥ ውሻም ልጅም አይቀመጥ፤ መስኮት ገርበብ ቢልም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል።

ለመጀመሪያው ጉብኝት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ በኋላም ከ45 ደቂቃ አታሳልፉ፣ የደከመ ውሻ እንደ ደከመ ልጅ ነጭናጫ ነው። ልጆቹ አስቀድመው ይውጡ። ውሻውን ሌሎቹ ራቅ ሲሉ ጥሩትና እሰሩት።

ቤት ስትደርሱ የሁሉም እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ በውሻ እዳሪ የተበከለ አፈር የወስፋት እንቁላል ይይዛል፣ እጁን አፉ የሚከት ልጅም ይውጠዋል። ጫማ በር ላይ ይቅር። መዥገር ፈልጉ፦ በውሻው ጆሮ ውስጥ፣ ከቀበቶው ሥር፣ በብብቱ፣ በጣቶቹ መካከል፤ በልጆቹ ከጆሮ ጀርባ፣ በብብትና በወገብ። ስታገኙ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ዘይት መቀባትና በእሳት መተኮስ መዥገሩን ያስተፋዋል፣ የሚተፋውም ወደ ደም ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውሻው እንደታነቀ የሚመስል ደረቅ ሳል ከጀመረው ለሐኪሙ ፓርክ ሄዶ እንደነበር ንገሩት። ሳሉ ከቆመ በኋላም ሌላ ሁለት ሳምንት ቤት ይቆይ፣ ለፓርኩ ነባሮችም ደውሉላቸው።